እንጀራ ከመቀነስዎ በፊት ኪኒንዎን ይመልከቱ

«ስኳር አለብህ፣ ክብደት ቀንስ ተብያለሁ፤ እንጀራና ዳቦ ብተው በእርግጥ እቀንሳለሁ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን የምመልሰው ራሴ ካለፍኩበት ነው። አዎን፣ ይቀንሳሉ። እኔ በአሥራ አንድ ወር ከ94 ኪሎ ወደ 81 ወርጃለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ነገር ግን መሀል ላይ ሕይወቴን ላጣ ነበርና እሱን ሳልነግርዎ አላልፍም።

1. የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ አያታልልዎ። ሰውነታችን ከእንጀራው፣ ከፓስታውና ከድንቹ ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል፤ አንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ይህ ክምችት ስለሚመናመን ውኃውም አብሮት ይወጣል። እኔ በስምንት ቀን 3 ኪሎ ወርጄ ለጎረቤት ሁሉ ካወራሁ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ልተወው ነበር። ስቡ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው፤ ዋናው ምክንያትም እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብና ጎመን የበላ ሰው ቶሎ ጠግቦ ሳይታወቀው ትንሽ ስለሚበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ሲከታተሉ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ወርደዋል። ስለዚህ እንጀራን እንደ ጠላት አይቁጠሩት።

2. መድኃኒትዎ። እርስዎም እንደ እኔ ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ይመስለኛል። ይህ ኪኒን ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ሰውየው ቢበላም ባይበላም ሥራውን አያቆምም። እኔ እንጀራውን አቁሜ ኪኒኑን እንደ ወትሮው ቀጠልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ መዳፌ ላይ ያለውን ሳንቲም እያየሁ መቁጠር አቃተኝ። ከኋላዬ የነበረች ልጅ ደግፋ መንገድ ዳር ካለ ክሊኒክ አስገባችኝ። ስኳሬ ሲለካ 48 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ከ70 በታች መውረዱ ራሱ አደጋ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተውኝ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመው ለኩኝ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ይህን ሳልጀምር ሄጄ ጠይቄ እንኳ የነገረኝ አለመኖሩ ነው። ክትትል የማደርግበት ጤና ተቋም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ወረፋ ጠብቄ ገባሁ፤ ባለሙያው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ጥሩ ነው፣ ቀንስ» ብሎ ቀጣዩን ተራ ጠራ። የኪኒኑ ስም ፊቱ በተዘረጋው ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር። «መጠኑ መቀነስ አለበት» ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ ያ ቀን አይደርስብኝም ነበር። በኋላ ያገኘኋት ሐኪም ግሊቤንክላማይዱን አስቁማ አብሬው የምወስደውን ሌላውን የስኳር ኪኒን፣ ሜትፎርሚንን፣ ብቻ አስቀጠለችኝ። ኢንሱሊን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ማማከር አለበት።

3. አበላሉ። በቀን ከ50 ግራም ካርቦሃይድሬት በታች የሚያወርደውን ጥብቅ ዓይነት እኔ አልሞከርኩትም፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ያንን ልክ ያልፋል፣ ሽሮውም ከጥራጥሬ የሚሠራ ስለሆነ ይቆጠራል፣ በጾም ወራት ደግሞ እንቁላልም አይብም የለም። እኔ ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ በብዙ ጎመን እበላለሁ፤ ማታ እንጀራ አልነካም። የለስላሳ መጠጥና የሻይ ስኳር ግን ፈጽሞ ቀርቷል።

የስኳር መለኪያ ገዝተው ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ይለኩ። ኪኒኑን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ ቀጠሮዎ ሩቅ ከሆነም እስከዚያው እንጀራዎን እንደ ወትሮው ይብሉ።