የመስታወት ስብራትን በኮምፒውተር ያጠና ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያገኛል?

ውድ እህታችን፣

በአምስት ኪሎ የሜካኒካል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ለመመረቂያ ሥራሽም የመኪና የፊት መስታወት ሲመታ እንዴት እንደሚሰበር በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለማጥናት እንደመረጥሽ፣ አጎትሽ ግን «ይህ እንጀራ አይሆንም» ብለው እንዳስጨነቁሽ ጽፈሽልናል። አጎትሽ በከፊል ልክ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ የሚቀጥርሽ ድርጅት እዚህ ከተማ ማግኘትሽን እጠራጠራለሁ። ርእሱን እንድትተዪው ግን አልመክርሽም።

የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች ፖሊቪኒል ቡቲራል በተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.76 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ስስ ፕላስቲክ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። መስታወቱ ሳይለጠጥ በድንገት ይሰነጠቃል፤ ፕላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጠባዩም እንደ ምቱ ፍጥነት ይለዋወጣል። በዚያ ላይ የመስታወት ጥንካሬ የሚወሰነው በዓይን በማይታዩ የገጽ ጭረቶች ስለሆነ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መስታወቶች እንኳ በእኩል ኃይል አይሰበሩም። ይህን ሁሉ በአንድ ሞዴል ያስተናገደ ተማሪ ሌላ የግጭት ትንተና ሲሰጠው ከዜሮ አይጀምርም።

በተማሪዎች ሥራ ደጋግሜ የማየው ድክመት የሸረሪት ድር የመሰለ ያማረ ሥዕል አቅርቦ መቀመጥ ነው። ስንጥቁ የተከተለው የመስታወቱን ባሕርይ ሳይሆን የሞዴሉን መረብ (ኮምፒውተሩ መስታወቱን የሚከፋፍልባቸውን ትናንሽ ክፍሎች) መስመር ሊሆን ስለሚችል፣ ያንኑ ምት ቢያንስ በሦስት የተለያዩ የመረብ መጠኖች ሠርተሽ ልዩነቱን ሳትደብቂ አሳዪ። ድምፅ በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ አንዱ የስሌት እርምጃም ድምፁ አንዱን የመረብ ክፍል ከሚያቋርጥበት ጊዜ መብለጥ ስለሌለበት፣ የ1 ሚሊ ሜትር መረብ ከ0.2 ማይክሮ ሴኮንድ ያነሰ የስሌት እርምጃ ይጠይቃል፤ 20 ሚሊ ሴኮንድ የሚቆይ ግጭት ለማስላት ከ100,000 በላይ እርምጃ ማለት ነው። ስለዚህ ላፕቶፕሽን አታሠቃዪው፤ ሙሉውን የፊት መስታወት ትተሽ በትንሽ ጠፍጣፋ ናሙና ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ2022 በነጻ የተለቀቀው ኦፕንራዲዮስ የተባለው የግጭት ማስያ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃሻል።

ከዚያ በፊት ግን የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርደሽ ተቀይሮ የተጣለ የፊት መስታወት ፈልጊ። ከምቱ ነጥብ እንደ ጮራ የተዘረጉትንና ዙሪያውን የከበቡትን ስንጥቆች ፎቶ አንሺ፤ ጥፍርሽንም በሁለቱም ገጽ ላይ በቀስታ አንሸራትቺ። ጠጠር የመታው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻክረው የውጭው ገጽ ብቻ ነው። (ስብርባሪውን በጓንት ያዢ፤ ጓንቱን የምታወልቂው ለዚህች ምርመራ ብቻ ነው።) ሞዴልሽ ይህን ካላሳየ ስሕተቱን የምታውቂው ያን ጊዜ ነው።

በሥራ ማመልከቻሽ ላይ «የመስታወት ሲሙሌሽን» ብለሽ አትጻፊ፤ «በፋይናይት ኤለመንት (አካልን በትናንሽ ክፍሎች መረብ ከፋፍሎ በማስላት ዘዴ) የግጭትና የስብራት ትንተና» በዪ። ተሽከርካሪ የሚገጣጥሙና የአውቶቡስ አካል የሚሠሩ ድርጅቶችን ሞክሪ፤ የሕንፃ አማካሪ ድርጅቶችንም አትርሺ። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ የተሰለፉትን በመስታወት የተሸፈኑ የባንክ ሕንፃዎች እያየሽ የምታልፊ ይመስለኛል፤ በፕላስቲክ የተጣበቀ መስታወት ለሕንፃም ያገለግላል፣ የስሌቱ መሠረትም ያው ነው። ለአጎትሽም በመጀመሪያ እነዚህን ሕንፃዎች አሳዪያቸው።