የእንግሊዝኛው «ጎ» (go፣ መሄድ) በኃላፊ ጊዜ ለምን «ዌንት» (went) ይሆናል?

«ዌንት» ከ«ጎ» አልተወለደም፤ የሌላ ግስ ቅርጽ ነው። አንዱን ከሌላው የሚያወጣ ሕግ ስትፈልጊ ያጣሽው ለዚህ ነው። በቃል ያዢው።

የቃሉ ባለቤት «ዌንድ» የተባለ፣ መዞርና መሄድ ማለት የነበረ ጥንታዊ ግስ ነው። «ሴንድ» «ሴንት»፣ «ስፔንድ» «ስፔንት» እንደሚሆን ሁሉ «ዌንድ»ም «ዌንት» ይሆን ነበር። «ጎ» በበኩሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኤዮዴ» የሚል የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነበረው፤ የሚገርመው እሱም የመጣው ከሌላ ሥር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ «ዌንት» ቦታውን ወረሰ። «ዌንድ» ዛሬ ከጥቂት አባባሎች በቀር ብዙም አይሰማም።

«እንዲህ ያለ ጉድ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው» ማለትሽ ግን ትንሽ ችኮላ ነው። እኛስ «መጣ»፣ «ይመጣል» ስንል ቆይተን፣ ስናዝዝ «ና» እንል የለ?

ተማሪዎች ሲጽፉ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ«ሃቭ» በኋላ የሚመጣው «ጎን» እንጂ «ዌንት» አይደለም። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ካልሽ ሴትዮዋ ገና እዚያው ናት፤ ሄዳ ከተመለሰች «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» በዪ።