ፈንክሽኑ ሲወጣ ሴቲንጉን ማን ይመልሰው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የፍሎቲንግ ፖይንት ሴቲንግ ላይ፣ ማለት ኮምፒውተሩ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ሲያሰላ በሚከተለው ደንብ ላይ። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው። የፈንክሽኖቹን ስም በአነባበባቸው ጽፌያለሁ።

ከኮምቦልቻ፣ የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ፦ «ጋሼ፣ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ማጠጋጋቱን ወደ ላይ አደረግሁት። ፈንክሽኑ ልክ ይሠራል። ከሱ በኋላ ያለው የፕሮግራሙ ክፍል ግን የመጨረሻ ዲጂቶቹ ተቀያየሩብኝ። ያንን ክፍል ደግሞ አልነካሁትም። ምን አጠፋሁ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ስሌትሽ ደህና ነው። የጎደለው መመለሱ ነው። የማጠጋጋት አቅጣጫ የፈንክሽንሽ የግል ንብረት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ሬጅስተር በሚባል ትንሽ ማስቀመጫ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በዚያ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ በራሱ መስመር የሚሄድ ሥራ) ላይ የሚሠራ ስሌት ሁሉ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ሚዛን ተውሶ ለራሱ እንዲመች ካስተካከለ በኋላ እንዳለ ትቶት የሄደ ሰው አስቢ። ከሱ ቀጥሎ የሚመዝነው ሁሉ ይሳሳታል፤ የሚጠረጥረው ግን የራሱን እህል ነው።

ሲ ከ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) ስታንዳርድ ጀምሮ ለዚህ ሥራ «ፌንቭ ዶት ኤች» የሚባል ሄደር (ፈንክሽኖቹን የሚያስተዋውቅ ፋይል) አለው። መጀመሪያ በ«ፌጌትራውንድ» ያለውን አቅጣጫ አንብበሽ ቫሪያብል ውስጥ ያዢ። ከዚያ በ«ፌሴትራውንድ» የምትፈልጊውን አድርጊ። የሚመልስልሽ ዋጋ ዜሮ ካልሆነ ለውጡ አልተሳካም፤ እሱን ሳትፈትሺ አትለፊ። ስሌቱ ሲያልቅ የያዝሽውን መልሺ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ስትመልሺ «ነባሪው ወደ ቅርቡ ማጠጋጋት ነው» ብለሽ እሱን አትጻፊ። ፈንክሽንሽን የጠራው ኮድ አስቦበት ሌላ አቅጣጫ መርጦ ሊሆን ይችላል። ያገኘሽውን ነው የምትመልሺው። ደግሞም በመሃል ላይ ስህተት ሲገኝ ሪተርን የሚል መስመር ካለ እሱም መውጫ ነው። መውጫዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሰብስቢ፤ ለዚህ ጎቱ (ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልል ትእዛዝ) መጠቀም ነውር የለውም።

ሴቲንጉ ግን አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ፍላጎችም አሉ፤ የሆነውን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በዜሮ ሲካፈል፣ ቁጥሩ ከአቅም በላይ ሲተልቅ፣ ከልክ በላይ ሲያንስ፣ ስሌቱ ትርጉም ሲያጣ፣ ውጤቱ ተጠጋግቶ ሲገኝ አንድ አንድ ፍላግ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ሰው እስኪያወርደው ይቆያል። አቅጣጫውንም ፍላጎቹንም በአንዴ ለማስቀመጥ «ፌጌትኤንቭ»፣ ለመመለስ «ፌሴትኤንቭ» አለልሽ። ጥሩ ይመስላል፤ ችግሩ ፌሴትኤንቭ የድሮውን እንዳለ መልሶ ስለሚጭን አንቺ ስታሰይ የተነሳው ፍላግ ይጠፋል። ፈንክሽንሽ ውስጥ በዜሮ ማካፈል ተፈጥሮ ከሆነ የጠራሽ ኮድ በጭራሽ አያውቅም።

ሌሎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ የምትጽፊ ከሆነ እኔ የምመክርሽ ሌላ ጥንድ ነው። «ፌሆልድኤክሴፕት» ያለውን ሁሉ ያስቀምጣል፣ ፍላጎቹን ያወርዳል፣ ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ እንዳይቆም ያደርጋል። አቅጣጫውን ግን አይነካም፤ እሱን ከዚህ በኋላ ትቀይሪያለሽ። ስሌትሽን ትሠሪያለሽ። የምትጠብቂውና መፍትሔ የሰጠሽው ፍላግ ካለ በ«ፌክሊርኤክሴፕት» ታወርጂዋለሽ። በመጨረሻ «ፌአፕዴትኤንቭ» የድሮውን ይመልስና በመሃል የተነሱትን ፍላጎች እላዩ ላይ ያነሳቸዋል። የጠራሽ ሰው ሴቲንጉን ያገኛል፣ የሆነውንም ያውቃል።

ከወልድያ፦ «ወንድሜ፣ አንድን ቁጥር ለሌላው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያጠጋጋሁ አካፈልኩ። ውጤቱን ከሁለት ወገን ለማጠር ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት መጡ። ፌሴትራውንድ ተሳክቷል ይላል።»

እውነቱን ነው፣ ተሳክቷል። የቀደመህ ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ነው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ሌላ ካልተነገረው ማጠጋጋቱ ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሁለቱ ማካፈሎች አንድ ናቸው ብሎ አንዴ ብቻ ያሰላል። ቁጥሮቹ ቋሚ ከሆኑ ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይነሳ በፊት አስልቶ ይጨርሳል።

በስታንዳርዱ መሠረት «ፕራግማ ኤስቲዲሲ ፌንቭ አክሰስ ኦን» ብለህ ማሳወቅ አለብህ። ጂሲሲ ግን ይህን ትእዛዝ አይፈጽምም። በሱ ፋንታ «ኤፍ ራውንዲንግ ማዝ» የሚለውን አማራጭ ስጠው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፓይለሩ ስሌቱን ከፌሴትራውንድ ጥሪ ወዲያ ወዲህ ሊያሻግረው ይችላል። ግቤቶቹንም ውጤቱንም ቮላታይል ካደረግሃቸው፣ ማለት ኮምፓይለሩ እንዳያሸጋሽጋቸው ምልክት ካደረግህባቸው፣ ቦታቸውን ይይዛሉ። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፋጥንበትን አማራጭ) ሳታበራ ስትሞክር ልክ ከመጣልህ አትዘናጋ፤ የምታስረክበውን ቢልድ ሞክር።

ከደሴ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ «ቦርከና ወንዝ ላይ የተለቀቀ ብክለት እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ የሚያሰላ ሲሙሌሽን ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ይፈጥናል። ብክለቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን በጣም ይንቀራፈፋል። ጓደኛዬ ፋስት ማዝ የሚባለውን የኮምፓይለር አማራጭ ክፈች አለኝ።»

ቁጥሮችሽ ሰብኖርማል ሆነዋል። ደብል የሚባለው የቁጥር ዓይነት በመደበኛ መልኩ የሚይዘው ትንሹ ቁጥር 2.2 ሲባዛ 10 ከፍ ለኔጌቲቭ 308 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው በልዩ ዘዴ ነው የሚጻፈው፤ በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ አንዱ ስሌት ከመቶ ሳይክል (የፕሮሰሰር ምት) በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ዘዴው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በወጣው አይትሪፕልኢ 754 የፍሎቲንግ ፖይንት ስታንዳርድ ውስጥ እንዲገባ አጥብቆ የተከራከረው ዊልያም ካሃን ነው፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር ሳይንሱን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው። ሰብኖርማል በመኖሩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ዜሮ አይመጣም። ይህን ዋስትና የምትለቂው አስበሽበት መሆን አለበት። ለብክለት ስሌትሽ እንዲህ ያለ ኢምንት መጠን ትርጉም ስለሌለው ልትለቂው ትችያለሽ።

ፋስት ማዝን ግን ለዚህ አልመክርሽም። አብሮት ብዙ ነገር ይመጣል፤ ለምሳሌ ናን («ቁጥር አይደለም») የሚባል ዋጋ የለም ብሎ ስለሚያስብ «ኢዝናን» ብለሽ የምታደርጊው ፍተሻ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ ከጂሲሲ 13 በፊት በፋስት ማዝ የተሠራ ሼርድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ገና ሲጫን የፕሮግራሙን ሴቲንግ ይቀይር ነበር። ሌላው ሰው የማያውቀውን ለውጥ ሳይጠየቅ ማስገባት ማለት ይህ ነው።

ሥራሽን በሚበቃ ልክ አድርጊው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽን «ኤምኤክስሲኤስአር» የሚባለውን ሬጅስተር በ«ኤምኤም ጌትሲኤስአር» አንብበሽ አስቀምጪ። ቢት 15ን አብሪ፤ ሰብኖርማል ውጤትን ዜሮ ያደርጋል። ቢት 6ንም አብሪ፤ ሰብኖርማል ግቤትን እንደ ዜሮ ያያል። ከባዱ ሉፕ ሲያልቅ ያስቀመጥሽውን በ«ኤምኤም ሴትሲኤስአር» መልሺ።

ከደሴ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ የሚሠሩ አባት፦ «የአባላት ወለድ ሳንቲም እያጎደለ አስቸገረኝ። ማጠጋጋቱን ወደ ላይ ባደርገው ይስተካከል ይሆን?»

አይ አባቴ፣ አይስተካከልም። 10 ሳንቲም፣ ማለት 0.1 ብር፣ በሁለትዮሽ ልክ አይጻፍም። በደብል አሥር ጊዜ ቢደምሩት የሚመጣው 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ነው። ገንዘቡን በሳንቲም ቆጥረው በሙሉ ቁጥር ይያዙት። ወለድ ሲያሰሉ የሚተርፈው ሽርፍራፊ ወዴት እንደሚጠጋጋ ማኅበሩ ይወስን፤ ያንን ደንብ ኮዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት።

ከሐይቅ፦ «ሎንግጃምፕ ሴቲንጉን ይመልስልኛል? አዲስ ትሬድስ ስከፍት?»

ሎንግጃምፕ፣ ሴትጃምፕ ወደ ተጠራበት ቦታ የሚያዘልለው ፈንክሽን፣ አይመልስም፤ ሴቲንጉ ስትዘል እንደነበረው ይቀራል። ሴትጃምፕ ከመጥራትህ በፊት በፌጌትኤንቭ ያዝ፣ ዘለህ ስትመለስ ራስህ መልስ፤ የያዝክበትን ቫሪያብል በመሃል አትንካው። ትሬድን በተመለከተ፣ በሲ 11 ስታንዳርድ መሠረት አዲሱ ትሬድ በተፈጠረበት ሰዓት የፈጣሪውን ሴቲንግ ይወርሳል። ከዚያ በኋላ አንተ የምትቀይረው እሱን አይነካውም። አስቀድሞ የተከፈተ የትሬድ ፑል (ሥራ የሚጠብቁ ትሬዶች ስብስብ) ካለህ ለውጡን እያንዳንዱ ሠራተኛ ትሬድ ውስጥ ማድረግ፣ እዚያው መመለስም ይኖርብሃል።