መድረሻ ይዞ ብስክሌት መንዳት፦ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመንገድ መሐንዲስነት ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በባሕር ዳር ዙሪያ በብስክሌት መመላለስ ልማዴ ሆኗል። ብዙዎቻችሁ ብስክሌት እንደምትነዱ አውቃለሁ፤ የምትነዱት ግን ወይ የባጃጅ ሒሳብ ለመቆጠብ ነው፣ ወይ አመሻሹ ላይ በሐይቁ ዳር ዞር ዞር ብሎ ለመመለስ። ሁለቱም የሚነቀፉ አይደሉም። እኔ የምመክራችሁ ራቅ ያለ አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ እዚያ ለመድረስ ብቻ ብላችሁ እንድትነዱ ነው።

ለመዝናናት የሚዞር ሰው ሲደክመው ይመለሳል፤ የሚጠይቀውም የለም። ጢስ ዓባይ እደርሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ግን ጉልበቱ ሲዝል ከገዛ ቃሉ ጋር ይፋጠጣል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ለሚሄድ ወግ ሳያልቅ የሚደረስበት፣ በብስክሌት ለሚሄድ ደግሞ እያንዳንዱ ጉብታ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። በመንገድ ንድፍ ላይ 5 በመቶ ዳገት ማለት በ100 ሜትር ርቀት 5 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ ሹፌር ልብ አይለውም። ብስክሌተኛው ማርሹን ያቀላል፣ ከኮርቻው ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል፣ የደረቀ ካቴና ከእግሩ ሥር ሲንጫጫ እየሰማ ትንፋሹን ከፔዳሉ ጋር ያስማማል። እኔ ያን መሬት ከመለኪያ መሣሪያ ይልቅ በጉልበቴ ይበልጥ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከሙያ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ በዚህ ይስቁብኛል።

ደርሳችሁ የምታዩት ነገር የጠበቃችሁትን ያህል ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ በብዛት ወደ ተርባይኖቹ ሲዞር ቆይቷል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሲከፈት ከሐይቁ ውኃ ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ መፍሰስ ጀመረ። በዚህ የተነሣ በበጋ ያ 45 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል ቀጭን ጅረት ብቻ ሲወርድበት ይታያል። በመኪና የመጣ ጎብኚ የከፈለው ለዕይታው ነውና ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ብስክሌተኛው ግን የመጣበትን ነገር ቦታው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ አግኝቶታል፤ ውኃው ቢሞላለት ምርቃት ነው። ምርቃቱንም ከፈለጋችሁ ክረምቱ ማብቂያ ላይ፣ በነሐሴና በመስከረም ሂዱ።

ፍጥነት የሚመዘግበውን የስልክ መተግበሪያ ግን ብታጠፉት እመርጣለሁ። ውድድር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን በቡድን 9ኛ ወጥተዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የደቂቃ ቁጥር እየተመለከተ የሚነዳ ሰው ከትናንት ዘግይቶ ከደረሰ መድረሱ ራሱ ሽንፈት ይመስለዋል፤ እኔ የምላችሁ እርካታ ደግሞ ዘግይቶ የደረሰውንም የሚያገኘው ነው።

የጢስ ዓባይን መንገድ የጠቀስኩት ስለማውቀው ነው። የናንተ መድረሻ የአክስታችሁ ቤት፣ ከከተማ ወጣ ያለ ገበያ ወይም የአያቶቻችሁ ደብር ሊሆን ይችላል፤ ጉዳይ ያለበት፣ ከተቻለም የሚጠብቃችሁ ሰው ያለበት ቢሆን ይመረጣል። እመጣለሁ ተብሎ የተነገረው ሰው ቡና ካፈላ በኋላ ከመንገድ መመለስ ይከብዳልና።

ስለ መመለሻው አስቀድማችሁ አስቡበት። ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ ሰው ወንዙን ተከትሎ ስለሚወርድ መሄዱ ይቀለዋል፣ መመለሱ ግን በጠቅላላው ሽቅብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ስለሚነሣ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ፖምፓና መለዋወጫ ካላማዳሪ ያዙ፤ ጎሚስታ እንደ ከተማው በየማዕዘኑ አይገኝም። ምሳችሁንም እዚያው ብሉ፤ ነገር ግን ዳገቱ ገና ስለሚጠብቃችሁ እስክትጠግቡ አይሁን።