ሰዓቱ «ዘገየ» ወይስ «ተቀደመ»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ አጠቃላይ አንጻራዊነት ሳስተምር «ደጋ ላይ ጊዜ ይፈጥናል፣ ቆላ ላይ ይዘገያል» እላለሁ። አንዳንዱ ተማሪ «ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ለተመልካቹ እንዲያ ይመስለዋል እንጂ እውነት አይደለም» ይላል። በአማርኛ እንዴት ብል ይሻላል?

መልስ፦ በተማሪዎቹ አይፍረዱ፤ ያሳታቸው ግሱ ነው። «ዘገየ» ቀጠሮ ያለበት ቃል ነው። «አውቶቡሱ ዘገየ» ስንል መድረስ የነበረበት ጊዜ አለ፣ እሱ አልፏል፣ አንድ ጥፋት አለ። ስለዚህ «ሰዓቱ ይዘገያል» ሲባል ተማሪው ባትሪውን ቢጠረጥር ምን ይገርማል?

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ባቀረበው የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ በአጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ውስጥ ግን ጥፋተኛ ሰዓት የለም። የደጋውም የቆላውም ሰዓት ደህና ናቸው። እያንዳንዱ ባለበት ቦታ ያለፈውን ጊዜ በትክክል ይቆጥራል። ልዩነት የሚመጣው ሁለቱ ቆጠራዎች ሲተያዩ ነው፤ ወደ ምድር ማእከል የቀረበው ያነሰ ቆጥሮ ይገኛል።

«ፈጠነ»ም ሌላ ችግር አለው። ብቻውን ይቆማል፤ «ከማን?» ብሎ አይጠይቅም። ደጋ ላይ ያለ ሰው የእጁን ሰዓት ቢያይ ምንም የፈጠነ ነገር አያገኝም።

እኔ የምመርጠው «ቀደመ»ን ነው። ይህ ግስ የተቀደመ ወገን ይፈልጋል፤ ማን ማንን እንደቀደመ ካልተናገሩ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ደግሞም የቤታችን ቃል ነው፤ «ሰዓቴ አምስት ደቂቃ ይቀድማል» እንላለን። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጨምሩበት። አምስት ደቂቃ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት ነገም ከነገ ወዲያም ያው አምስት ደቂቃ ሊቀድም ይችላል። የአንጻራዊነቱ ልዩነት ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ «በቀን» ወይም «በዓመት» ማለት ግድ ነው። እንዲህ፦

«አዲስ አበባ ያለ ሰዓት ጅቡቲ ወደብ ያለውን ሰዓት በዓመት 8 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቀድመዋል።»

ማይክሮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ ይህን የሚያሳየው የአቶም ሰዓት ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን የጎደለው የለም፤ ማን፣ ማንን፣ በስንት፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ሁሉም አለ። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቅባቸውን የጂፒኤስ ሳተላይቶችንም በዚሁ መንገድ ይግለጿቸው። ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ይዞራሉ። ከፍታው በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ያህል ያስቀድማቸዋል፣ ፍጥነታቸው ደግሞ 7 ያህል ይቀንስባቸዋል። በድምሩ የምድሩን ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቀድሙታል። ስልኩ ርቀቱን የሚያሰላው የሳተላይቱ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት የተጓዘበትን ጊዜ ቆጥሮ ነው፤ ብርሃን ደግሞ በዚያች ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ማስተካከያ ባይደረግ ስልካችን ላይ ያለው ካርታ ውሎ ሳያድር ከንቱ ይሆን ነበር።

«ይመስለዋል» ለሚለው ተማሪ የሁለቱን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የሃፌሌንና የኪቲንግን፣ ሙከራ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት የሲዚየም የአቶም ሰዓቶችን በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን አዞሩ፤ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ። ሲመለሱ ዋሽንግተን ከቆዩት ሰዓቶች ጋር አስተያዩዋቸው። ከምሥራቁ ጉዞ የተመለሱት በአማካይ በ59 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ተቀድመው ተገኙ። ከምዕራቡ የተመለሱት በ273 ናኖሰከንድ ቀድመው ተገኙ። ሰዓቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። መምሰል ቢሆን ኖሮ ሲገናኙ ይጠፋ ነበር።

ከፍታን በተመለከተ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የላይኛው «ቀደምኩህ» ይላል፣ የታችኛውም «አዎ፣ ቀደምከኝ» ይላል። በማይለዋወጥ ፍጥነት እየተራራቁ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ግን እንዲህ አይስማሙም። እያንዳንዱ ሲለካ የተቀደመው የሌላው ሰዓት ነው። እዚያ ላይ «በእሱ ልኬት» የሚለውን ፈጽሞ አይተዉት። «ልኬት» ማለቴን ልብ ይበሉ። «ተመልካች» የሚለው ቃል ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ያስታውሰናል። «ታዛቢ» ደግሞ «ታዘብኩህ» የሚል ወቀሳ አለበት። የፊዚክሱ ሰው ሰዓት ይዞ የሚለካ ሰው ነው፤ «ለኪ» ቢሉት አንጀት ያርሳል።

ርቀትስ? ለኪው ሩቅ ያለን ነገር በሜትር ሊደርስበት አይችልም። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል፣ በራሱ ሰዓት ይቆጥራል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርዊን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ሞገዱ በፀሐይ አጠገብ አልፎ ፕላኔት ነክቶ ሲመለስ፣ የፀሐይ ስበት ባይኖር ከሚፈጀው እስከ 200 ማይክሮሰከንድ ያህል የበለጠ ይፈጅበታል። ልኬቱም ይህንኑ አረጋገጠ። እዚህ ላይ «ዘገየ» ይበሉ፣ ቦታው ነው፤ የሚጠበቅ መድረሻ ጊዜ ነበረና።

በመጨረሻም «ጠፈርና ጊዜ» ከማለት «ቦታና ጊዜ» ቢሉ እመርጣለሁ። ጠፈር ሲባል የሁላችንም ዓይን ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። አንጻራዊነት የሚናገርለት ቦታ ግን መማሪያ ክፍሉም ውስጥ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንዱን የአቶም ሰዓት ከሌላው 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ሲያስቀምጡት፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ሲቀድመው ለክተዋል።