የኮሪያዊውን ሠዓሊ የሊ ኴዴን ንድፍ እያየሁ ስገለብጥ የቆመው ሰው ለምን ይወድቅብኛል? ላልከው

ፊቱን ቀድመህ ስለምትጀምር ነው። ከአንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርድ። ሰውየው በአንድ እግሩ ከቆመ፣ መስመሩ ክብደቱን የተሸከመው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማረፍ አለበት። በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ይህን በሁለት አጫጭር ሰያፍ መስመሮች ያዝ። ፊትና ጣት ይደርሳል።

ሊ ኴዴም በተሰጥኦ ብቻ አልሣለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቶኪዮ ሄዶ ተማረ፤ በኋላ ሴኡል ውስጥ የራሱን ማሠልጠኛ ከፍቶ ሲያስተምር፣ ለሠዓሊ የሚሆን የአካል አሠራር ማስተማሪያ አዘጋጅቷል።

ግን የእሱን ብቻ እየገለበጥክ እንዳትቀር። እኔ ደብተር ሙሉ ገልብጬ፣ እህቴን ሽንኩርት ስትከትፍ ልሣላት ብል ክርኗ የት እንደሚታጠፍ ጠፋኝ።