የአጎትህ ቤዝመንት ስኮላርሺፕ አይደለም

መጋቢት ሲገባ ስልኬ ማረፊያ ያጣል። «የእገሊት ልጅ ሦስት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል፤ የቱ ይሻለዋል?» ይሉኛል። እንደ አቅሜ እመክራለሁ። ዘንድሮ ግን ምክሬ ለልጁ ብቻ አይደለም። ሜሪላንድ፣ ቶሮንቶ፣ ፍራንክፈርት ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ላለ ልጅ በቫይበር የምትወስኑለት አጎቶችና አክስቶችም ስሙኝ። እንዲያውም የሚበዛው የእናንተ ድርሻ ነው።

1. ወረቀት

ይኼ አጭር ነው። ትራንስክሪፕት ከስድስት ኪሎ ለማውጣት የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቅ። ለአሜሪካ ከሆነ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚልክልህ ቅጽ) እንደደረሰህ የሴቪሱን (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያውን) 350 ዶላርና የቪዛ ማመልከቻውን 185 ዶላር ክፈልና ቀጠሮ ያዝ። ለደላላ ሳንቲም አትስጥ፤ ቅጹን የሚሞላው አንተው በምትነግረው ነው።

2. ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብብ

ቤተሰብ የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ነው። «እንኳን ደስ አለህ» ይላል፣ እልል ይባላል፣ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። ገንዘቡ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ አንዳንዴም በሌላ ደብዳቤ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። «የ10,000 ዶላር ስኮላርሺፕ» ሲሉህ የዓመቱ ክፍያ ስንት እንደሆነ እይ። 28,000 ከሆነ 18,000ው አንተ ጫንቃ ላይ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብትመታው 2.7 ሚሊዮን ብር ይመጣል፤ ያውም ኪራይና ምግብ ሳይነካ፣ ያውም ለአንድ ዓመት።

አሲስታንትሺፕ (እያስተማርክ ወይም ምርምር እያገዝክ የሚከፈልህ ሥራ) ካለውም ዝም ብለህ አትፈርም። ክፍያውን በሙሉ ይሸፍናል ወይስ ከፊሉን? የጤና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ደሞዙ የ9 ወር ነው የ12? ለስንት ዓመት ነው? በኢሜይል ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ የገንዘብ ድጋፍ ላለው የድኅረ ምረቃ ቅበላ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም። ስለዚህ በመጋቢት «በሦስት ቀን ወስን» ቢሉህ አትደንግጥ።

ጀርመን «ነጻ ነው» ይባላል። አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እውነትም የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከእኛ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ቪዛውም ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሒሳብ) አሳይ ይላል። ፉልብራይት (የአሜሪካ) ወይም ቺቭኒንግ (የእንግሊዝ) የመንግሥት ስኮላርሺፕ የደረሰህ ደግሞ ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ እንዳለብህ አውቀህ ግባ።

3. ቤዝመንቱ

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት አራት ኪሎ አንድ ቤት ለምክር ተጠራሁ። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ በአንገት ሰላም ተባብለን ተቀመጥን። ልጅቷ ከአምስት ኪሎ በሲቪል ምሕንድስና በማዕረግ የተመረቀች ናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ደብዳቤ፣ ስኳር ዕቃው ላይ የተደገፈ ስልክ፣ ስልኩ ውስጥ አጎት። አንዱ ደብዳቤ ከመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ነው፤ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ደሞዝ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው። ሌላው ዋሽንግተን አጠገብ ነው፤ ከክፍያው ሲሶውን ይቀንስላታል፣ በቃ።

«እዚያ በቆሎ እንጂ ሰው የለም!» አለ አጎት። «እንጀራ እንኳ አታገኝም። እኔ ጋ ትምጣ፣ ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ባዶ ነው።» እናትየው ዕንባቸው መጣ። «ዘመድ እያላት ለምን ባዕድ ጋ ትወድቃለች?» ተባለ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሰምተው ቡና ጨመሩልኝ። የዚያ ዓመት ኤፕሪል 15 የዋለው ቀዳም ሥዑር ላይ ነበር። ሙሉ ወጪዋን ልሸፍን ላለው ዩኒቨርሲቲ በስቅለት ዕለት «አልመጣም» ተብሎ ተጻፈለት።

ቤዝመንቱ በእርግጥ ነጻ ነበር። ኪራዩ የተከፈለው ጠዋት የአጎት ልጆችን ትምህርት ቤት በማድረስ፣ ማታ በማብላት፣ ቅዳሜ እንግዳ በማስተናገድ ነው። በአውቶቡስና በሜትሮ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት ላይብረሪ የምትቀመጥበት ጊዜ አልተረፋትም። ለአይ-20 የታየው የባንክ ሒሳብ ደግሞ ለማሳያ ከዘመድ የተሰበሰበ ነበር፤ ደብዳቤው እንደወጣ ወደየባለቤቱ ተመለሰ። እናትየው በዕቁብ ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ።

ሒሳቡን ያልከፈለ ተማሪ ላይ ዩኒቨርሲቲው «ሆልድ» ያደርግበታል፤ ሆልድ ያለበት አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ የኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ተማሪ ስታተሱን፣ ማለትም በሕጋዊነት የመቆየት መብቱን፣ ያጣል። ሠርቶ ልክፈል እንዳይል ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይፈቀድለትም፣ ከግቢ ውጭ ደግሞ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ልጅቷ ፓርኪንግ ሥራ ገባች፣ በካሽ። ዛሬ ዲግሪም የላት፣ ወረቀትም የላት።

አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የቤቱ ብድር አናቱ ላይ ነው፣ እኅቱን ይወዳል። የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ራሷ ትሸሸው ነበር። እናንተ ዲያስፖራዎች፣ መርዳት ከፈለጋችሁ ትኬቷን ቁረጡላት። የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ዴፖዚት ላኩላት፤ የመጀመሪያ ደሞዟ እስኪገባ የሚያስጨንቃት እሱ ነው። ካፖርት ግዙላት። ራሳችሁ ልትከፍሉት የማትችሉት ብድር ላይ ግን ኮሳይን አታድርጉ (ዋስ ሆናችሁ አትፈርሙ)፤ ሲወድቅ የእናንተም ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አብሮ ይወድቃል። እንጀራ የለም እያላችሁም እናት አታስለቅሱ። ጤፍ አይዳሆ ውስጥ ይበቅላል፣ ዱቄቱ በፖስታ ደጅ ድረስ ይመጣል። ሐበሻ የለበትም የምትሉት መካከለኛው ምዕራብ ሚኒያፖሊስና ኮለምበስን የያዘ ነው። ደግሞስ ሁለት ዓመት ሐበሻ ባታይ ምን ትሆናለች? ቴሲሷን ትጽፋለች።

4. ለልጆቹ

ከመፈረምህ በፊት ፕሮፌሰሩ ጋ አሁን ለሚማሩት ጻፍ፦ በስንት ዓመት ያስመርቃል፣ ግራንቱ (የምርምር ገንዘቡ) ሲያልቅ ተማሪውን ምን ያደርገዋል? ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ለእኛ ተማሪዎች የምትሰጠው ቪዛ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ከገባህ በኋላ መማር ትችላለህ፣ ለለቅሶም ለሠርግም ከወጣህ ግን እንደ አዲስ ቪዛ ልትጠይቅ ነው። የምትመርጠው ከተማ ለዓመታት የማትወጣበት ሊሆን ይችላልና ክረምቱንም ኪራዩንም አጣራ።

የማትሄድባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ዛሬውኑ ሁለት መስመር ጻፍላቸው። ያንተን ቦታና ያንተን ገንዘብ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ፤ ምናልባትም ከዚያው ከአራት ኪሎ።